የግራ እጅ ቋጠሮ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል የአገራችን ሰው። እኔ ያፈሰስኩት ጤፍ ቢሆን ኖሮ ቁጭ ብዬ በለቀምኩት ነበር። ያፈሰስኩት ግን ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ከፈሰሰ በኋላ አይለቀምም።

ስሜ ሸዋሉል ነው። አባቴ አበጀ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ አሶሳ ዙሪያ ጎጆ የቀለሰ ገበሬ ነው። እኔ እዚሁ ተወለድኩ፣ እዚሁ ተማርኩ። የዛሬ ስድስት ዓመት የከተማዋን አሮጌ ቤቶች የሚያስጠግን አንድ መሥሪያ ቤት የቅርስ ባለሙያ ብሎ ቀጠረኝ። ባለሙያ ይበሉኝ እንጂ የማውቀው ወረቀት ብቻ ነበር። ስለ ጭቃ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ ኻሚስ ነው።

ያገኘሁት በኅዳር ወር፣ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ ባለው የነጋዴው ቤት ውስጥ ነው። ድሮ ከሱዳን በኩል በግመል ጨውና ጨርቅ ያመላልስ የነበረ ሰው ያሠራው የጭቃ ፎቅ ነው። ጣሪያው በቀርከሃ የተረበረበ፣ ግቢው ማንጎ የሞላበት፣ ግድግዳው ክንድ ከስንዝር የሚወፍር። ባለቤት አጥቶ ክረምት በመጣ ቁጥር እየቀለጠ ነበር። ለቁጥጥር ስገባ አንድ ረጅም ሰውዬ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ በጣቱ ይቆረቁራል።

«አንተ! ምን እያደረግክ ነው?»

ዞር እንኳን ሳይል እጁን አነሳብኝ። ዝም በይ ማለቱ ነው። ወይ ድፍረት! እኔ እኮ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ።

«እያዳመጥኩ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ግድግዳ?»

«ካላመንሽ ነይ።»

ሄድኩ። ምን እንደወሰደኝ እንጃ፣ ብቻ ሄድኩ። ጆሮዬን ቀዝቃዛው ጭቃ ላይ ለጠፍኩ፤ እሱም ከወዲያ በኩል ለጠፈ። ፊት ለፊት ተያየን። ቆረቆረ፤ ድም፣ ድም አለ።

«ይሄ ሙሉ ነው» አለኝ። ከዚያ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ወስዶ ቆረቆረልኝ፤ ኳ፣ ኳ አለ። «ይሄኛው ውስጡ ባዶ ነው። ታሟል።»

«እንግዲህ ሐኪም ነሃ!»

«ሐኪሙ አባቴ ነበር። እኔ ድሬሰር ነኝ» አለና ሳቀ። ሲስቅ ዐይኖቹ ቀድመው ነው የሚስቁት። ጉዴ የፈላው ያን ጊዜ ነው።

ኻሚስ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ዘሩ ከመንጌ፣ ትውልዱ አሶሳ። አያቱም አባቱም ጭቃ ሠሪዎች ነበሩ። ይህን ቤት መጠገን የጀመሩት አባቱ ናቸው፤ ጀምረው ሳይጨርሱ ሞቱ። መሥሪያ ቤታችን ሥራውን ለልጁ ሰጠ።

ጭቃ እንደ ሊጥ እንደሚቦካ የማያውቅ ካለ ይኸው ከእኔ ይስማ። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ቀይ አፈርና ጭድ ይገባበታል፤ ውሃ ይጠጣል፤ ይረገጣል፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ይተኛል። ከቦካ በኋላ ነው ግድግዳ የሚመረገው። መጨረሻ ላይ ከመንጌ በሚመጣ ነጭ አፈር ይለሰናል። ኻሚስ ጫማዬን አስወልቆ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባኝ።

«ኧረ ይሸታል!»

«ካልሸተተ አልቦካም።»

«ስንት ቀን ቀረው?»

«ሲደርስ ይነግርሻል።»

«ጭቃው?»

«አንቺ ምነው እንዲህ ትቸኩያለሽ?»

ያን ጊዜ ቀልድ ነበር። ቀኑን ሙሉ የማላስፈልግበት ቦታ ማስታወሻ ደብተር ይዤ እቆማለሁ። ቀና ስል እያየኝ ነው። ሲያየኝ ከያዝኩት ደግሞ ፈጥኖ ግድግዳ ያዳምጣል። ያ ግድግዳ በዚያ ዓመት የተዳመጠውን ያህል ማንም ተደምጦ አያውቅም።

ቤቱም ወሰደኝ። እናቱ ዐፊፋ አማርኛ የተማሩት ገበያ ውስጥ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ አፍ ነው የሚጠሩት። «ሸዋሉል፣ ግባ! ተቀመጥ! ብላ!» ይሉኛል። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ያቀርቡልኛል። ስበላ ትክ ብለው ያዩኝና ለልጃቸው በበርትኛ አንድ ነገር ይነግሩታል፤ እሱ አንገቱን ይደፋል። ምን እንዳሉ ብለምነውም አልተረጎመልኝም።

ሚያዝያ ላይ ሦስቱ ግድግዳዎች አለቁ። የቀረው የታመመው፣ የሰሜኑ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ማንጎ እየላጠ፣

«ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ምን ይላል?» አለኝ።

«መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ እንጂ!»

«አንቺንማ ከኅዳር ጀምሮ እየጠየቅኩሽ ነው እኮ።»

ማንጎውን ሰጠኝ።

«እሺ» አልኩት። «መቼ?»

ፊቱ ጠቆር አለ። አባቱ ሊሞቱ ሲሉ ያስያዙትን ቃል ነገረኝ። «የጀመርኩትን ቤት ሳትጨርስ የራስህን ጎጆ እንዳትወጣ» ብለውት ነበር። በነሱ ወገን ግንበኛ ክፍት ቤት ትቶ ከሞተ፣ ልጁ ያን ቤት ሳይዘጋ ሚስት አያገባም። የሟች ቃል ነው፤ እንደ ዋዛ አይታይም።

«አንድ ግድግዳ ብቻ ነው የቀረው» አልኩ።

«አዎ። ግን ዝናቡ መጣ። በዝናብ የተመረገ ጭቃ አይደርቅም። እስከ ኅዳር መታገሥ ነው።»

እስከ ኅዳር! ሰባት ወር። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ጊዜ ያለቀበት ሰው ነበረኝ። አባቴ ልቡ ደክሞ ከአልጋ አይወርድም። ስለ ኻሚስ ነግሬዋለሁ።

«እስላም ነው፣ አባዬ» ስለው ተቆጣ።

«ወሎዬ ሆነሽ እንዲህ ያለ ነገር ታነሺብኛለሽ? አያቴ ሐሊማ አልነበረችም? ብቻ ቶሎ ይምጣ። በራሴ አፍ መርቄሽ ልሙት። ሌላ ምኞት የለኝም።»

በሰኔ መጀመሪያ ኻሚስ መንጌ ሄደ። «አጎቶቼ ዘንድ ጉዳይ አለኝ፤ በአሥር ቀን እመለሳለሁ» አለኝ። የምን ጉዳይ ብለው፣ «ስመለስ ትሰሚያለሽ» አለና ጉንጬን በጭቃማ ጣቱ ነክቶ ሄደ።

እሱ በሄደ በሁለተኛው ቀን አለቃዬ አቶ ቸሩ ጠሩኝ። በወሩ መጨረሻ እንግዶች ቤቱን ሊጎበኙ ይመጣሉ።

«የቀረን አንድ ግድግዳ ነው» አሉ። «በሲሚንቶ እንለስነውና ነጭ ቀለም እንቀባዋለን። ማን ይለየዋል?»

«የጭቃ ግድግዳ ላብ አለው፣ አቶ ቸሩ። ሲሚንቶ አፉን ይዘጋዋል። ውሃው ውስጥ ይቀርና ያበሰብሰዋል።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ቃል በቃል የኻሚስን ትምህርት ነው የደገምኩት።

«እንግዲህ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አድርገው። «ካልፈረምሽ አላስገድድሽም።»

እውነቱን ልናገር፤ አላስገደዱኝም። ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቼ አሰብኩበት። ቤቱ ካለቀ ቃሉ ያልቃል። ቃሉ ካለቀ ሽማግሌ ይመጣል። አባቴ ይመርቀኛል። በኅዳር ሲደርቅ ኻሚስ ሲሚንቶውን ልጦ በጭቃ ይሠራዋል፤ ምን አለበት? እንዲህ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በማግስቱ ፈረምኩ።

በአራት ቀን አለቀ። ሲያምር! ወረቀት የመሰለ ግድግዳ። ፊቱ ቆሜ በደስታ አለቀስኩ፣ ሞኟ።

ኻሚስ በአሥረኛው ቀን መጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ የነጭ አፈር ጆንያ ተሸክሟል፤ ከበሩ ጀምሮ ይስቃል። ከዚያ ግድግዳውን አየ። ጆንያውን ቀስ አድርጎ አወረደ። ሄዶ ጆሮውን ለጠፈና ቆረቆረ። ብዙ ጊዜ ቆረቆረ።

«ማን ፈረመ?» አለ ሳይዞር።

«እኔ።»

«አንቺ?»

«አለቀ እንድትል ብዬ ነው። ሽማግሌ እንድትልክ። አባዬ…»

ዞሮ አየኝ። ቢጮህብኝ በወደድኩ። አልጮኸም።

«መንጌ ለምን እንደሄድኩ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «አጎቶቼን ልለምን ነው። የአባቴን ቃል እንዲያነሱልኝ። አባትሽ ታሟል፣ ኅዳርን አይጠብቅም አልኳቸው። ሦስት ቀን ለመንኳቸው። እሺ አሉ፣ ሸዋሉል። ቃሉን አነሱልኝ። የፊታችን ዓርብ ሦስት ሽማግሌዎች ይመጣሉ።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ፤ ሲሚንቶው ላብ አውጥቶ ነበር፣ ጀርባዬን አራሰኝ።

«ወላሂ አልተቆጣሁም» አለ። «ግን ነገ መላጥ አለበት። ውሃው ውስጥ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ዝናብ ነበር። ኻሚስ በመሮና በመዶሻ ሲሚንቶውን መላጥ ጀመረ። እኔ የቀርከሃ ድጋፍ ይዤለት ቆሜያለሁ። ሂጂ ቢለኝ እምቢ አልኩ። ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት እየተነሳ ወደቀ፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ገንፎ ሆኗል። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል መላጡን አቆመና ጆሮውን አቀና። እኔ ምንም አልሰማሁም። እሱ ሰማ። በግራ እጁ ደረቴን ገፍቶ ግቢው ድረስ ወረወረኝ።

ስነሳ የሰሜኑ ግድግዳ የለም። ፎቁም አዘንብሏል። ኻሚስ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ፊቱን ወደኔ አዙሯል፤ ቀኝ እጁ ግን ከመሠረቱ በተፈነቀለ ድንጋይ ሥር ነበር።

እጁ አልተቆረጠም። ባይቆረጥም ጣቶቹ ሞቱ፤ አይታጠፉም፣ አይጨብጡም። የጭቃ ሠሪ ቀኝ እጅ ነው እንግዲህ። አባቱና አያቱ ያስተማሩት ሁሉ እዚያ እጅ ውስጥ ነበር።

ሽማግሌዎቹ በዚያ ዓርብ መጡ፤ ግን ወደኛ ቤት ሳይሆን ወደ ሆስፒታሉ። አይተውት ተመካክረው ተመለሱ። እሱ ራሱ ነገረኝ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠን።

«ቃሉን እኛ ብናነሳ አባትየው አላነሳም አሉ። ቤቱን ጥሎ ነገረን፣ ቃሉ እንደገና ጸንቷል አሉ። ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያየዋል።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ወላሂ። ልቤ ውስጥ ምንም የለም። ግን ፊትሽን ሳይ ያን ግድግዳ አያለሁ። እኔም እነሱ ያሉትን አምኛለሁ መሰለኝ። በዚህ እጅ ደግሞ ቤቱን አልጨርሰውም።»

«እኔ እጨርሰዋለሁ!» አልኩ። «እኔ እሠራዋለሁ። አስተምረኸኛል።»

ያን ጊዜ ፈገግ አለ። ከአደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«አንቺ ትቸኩያለሽ» አለኝ።

«አልቸኩልም። በሞቴ አልቸኩልም፣ ኻሚስ።»

እናቱን ይዞ መንጌ ገባ። አባቴ በጥቅምት ሞተ። በመጨረሻው ቀን፣ «ሽማግሌዎቹ የት ደረሱ?» አለኝ። «መንገድ ላይ ናቸው፣ አባዬ» አልኩት። «እንግዲያው እነሱ እስኪመጡ» አለና እጁን ራሴ ላይ አድርጎ መረቀኝ። ውሉድሽ ብዙ፣ ጎጆሽ ሙሉ ይሁን አለኝ። እስካሁን ከዚያ ውሸት የከበደ ነገር ተሸክሜ አላውቅም።

ለመሥሪያ ቤቱ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። አቶ ቸሩ አንብበው፣ «ያፈረሰ ይሥራ» አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳን ቶሎ በይ ብለውኝ አያውቁም።

የጭቃ ግድግዳ ከመሠረቱ ሲነሳ እርከን በእርከን ነው። አንዱ እርከን በደንብ ሳይደርቅ ሌላው አይጫንበትም። ዝናብ ሲመጣ በቀርከሃና በሣር አልብሶ መተው ነው። የሰፈር ሴቶች ደቦ ወጡልኝ። እኔም ረገጥኩ፣ አቦካሁ፣ መረግኩ። እጄ ተሰነጣጠቀ። ሊያገቡኝ የጠየቁ ነበሩ፤ እምቢ አልኩ። «ቤት እየሠራሁ ነው» ስላቸው ይስቃሉ።

ኻሚስ ስደውልለት አያነሳም። በመጀመሪያው ዓመት ኅዳር ላይ ግን የመንጌ መኪና ሹፌር ደጄ ድረስ መጥቶ አንድ ጆንያ አወረደልኝ። ነጭ አፈር ነው። ደብዳቤ የለው፣ መልእክት የለው። አፉ የታሰረበት ገመድ ግን ላላ ብሎ፣ ጎበጥበጥ ብሎ ነበር፤ ዳር ዳሩ ላይ የጥርስ ምልክት አለበት። በግራ እጅና በጥርስ የተቋጠረ ቋጠሮ። እንዴት እንዳለቀስኩ አትጠይቁኝ።

በየዓመቱ ኅዳር አፈሩ ይመጣል። አምስት ዓመት፣ አምስት ጆንያ። ገመዶቹን አልጣልኳቸውም፤ ከአባቴ ጋቢ ጋር ሣጥን ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። አንድ ሰው መንጌ ላይ ተንበርክኮ፣ ጆንያውን በጉልበቱ ይዞ፣ ገመዱን በጥርሱ ስቦ የሚቋጥርልኝ ከሆነ፣ እየጠበቀኝ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? እንዲህ ብዬ ነው የኖርኩት።

ዘንድሮ ጥር ላይ የሰሜኑ ግድግዳ አለቀ። ነጩን አፈር በእጄ ለሰንኩት። ሁለት ሳምንት እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ጆሮዬን ለጥፌ ቆረቆርኩ።

ድም፣ ድም አለ። ከዳር እስከ ዳር።

ስልኬን አወጣሁና «ቤቱ አለቀ» ብዬ ላክሁለት። ሁለት ቃል። ሌላ ምንም መጻፍ አላስፈለገኝም፤ የቀረውን እሱ ያውቃል። አዲስ ቀሚስም ገዛሁ፣ አልዋሽም። ዓርብ ዓርብ ቤቴን አጥቤ እጠብቃለሁ።

በመጋቢት መጀመሪያ በር ተንኳኳ። እማማ ዐፊፋ ናቸው። አርጅተዋል። ከኋላቸው ሹፌሩ ስድስተኛውን ጆንያ ተሸክሞ ቆሟል። እናቱን ልኮ ነው ብዬ ልስማቸው ስጎነበስ ዐይኔ ጆንያው አፍ ላይ አረፈ።

ቋጠሮው ጠባብ ነው። ድርብ፣ ጥብቅ፣ ንጹህ። ገመዱ ላይ ጥርስ አላረፈበትም። የሁለት እጅ ቋጠሮ ነው።

ሳይነግሩኝ ገባኝ። ግን ሰው ሞኝ ነው፤ ጠየቅኩ።

«እማማ፣ አፈሩን ማን ቋጠረው?»

«ተቀመጥ፣ ሸዋሉል» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ መሰነጣጠቁን በጣታቸው ዳሰሱት። «አንተ ቤት ጨረሰ። አጎት ሁሉ አንተ ሳያውቅ መጣ፣ ዐየ፣ ጥሩ ነው አለ። ቃል አለቀ አለ። አልሐምዱሊላህ። ዓኢሻ አለ፣ ልጅ የአጎት። አምስት ዓመት ኻሚስ እጅ እሷ አጠበ፣ እሷ አበላ። አጎት ሰጠ። ባለፈው ዓርብ ኒካህ ሆነ።»

«እሱ ምን አለ?»

እንባቸው መጣ። «አለቀሰ። ለአጎት እንቢ ማለት አልቻለ። ለአንተ መደወል ፈራ። እማ አንተ ሂድ አለኝ። ሸዋሉል ባይኖር እኔ ጎጆ አይኖርም፣ አባት ቃል አንገቴ ላይ ሞታለሁ፣ አመስግን አለኝ።»

እንግዲህ ሽማግሌዎቹን የላክኋቸው እኔ ነኝ ማለት ነው። አምስት ዓመት ጭቃ ረግጬ፣ እርከን በእርከን አድርቄ፣ የሌላ ሴት ደጅ አደረስኳቸው። ዓኢሻን ልጠላት ሞከርኩ። እጁን ያጠበች ሴት ናት፤ ያን እጅ ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ። በምን አፌ እጠላታለሁ?

«እንኳን ደስ አላችሁ» አልኩ። ገንፎ ሠርቼ በባሚያ አቀረብኩላቸው። «ይብሉ፣ እማማ» አልኩ። ሲበሉ ትክ ብዬ አየኋቸው።

«ያኔ ቤታችሁ ስበላ ለኻሚስ በበርትኛ የሚነግሩት ምን ነበር?» አልኳቸው። «ተርጉምልኝ ብለው እምቢ አለኝ።»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እንዲህ ያልኩ፣ ይሄ ልጅ እኔን ይቀብራል። ልጅ የኔ ነው።»

አቅፈውኝ ብዙ አለቀስን። በመጨረሻ በአሥር ሰዓቱ መኪና ሸኘኋቸው፤ አዲሱን ቀሚስ ለዓኢሻ ብዬ አስያዝኳቸው።

ከዚያ ጆንያውን ወደ ነጋዴው ቤት አስወሰድኩ። ለነጭ ልስን መደረቢያ ይሆናል፤ አፈሩ ምን በደለ? የቤቱ ዘበኛ ሚስት ቋጠሮው ጥብቅ መሆኑን አይታ ቢላ አመጣችልኝ።

«ቁረጪው፣ ይመሻል እኮ» አለችኝ።

«ተይው» አልኳት።

ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩና በጥፍሬ መፍታት ጀመርኩ። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። አልቸኮልኩም።